ቮልስን የናቀ ዳገት ላይ ያገኛታል

ጎበዝ፣ የመኪና ፍቅር በሽታ ነው ይባላል። በሽታ ከሆነ እኔን ከያዘኝ ቆይቷል፤ መድኃኒትም አልፈልግለትም። የዘመኑ ልጆች ፒያሳ ቡና ይዛችሁ ስለ ቪኤይት ስታወሩ እሰማለሁ። አልቃወምም፤ ቪኤይት ጥሩ መኪና ናት። ጎንደር ላይ ግን መኪና የሚመዘነው በዋጋው ሳይሆን በዳገቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት ጎባጣ አሮጊት ላውጋችሁ፤ ስለ ቮልስ።

ያለ ምክንያት አላነሳኋትም። አንድ የአዘዞ ልጅ፣ ስሙ ይቆየንና፣ ከአባቱ የወረሳትን ቮልስ ልሽጥ ወይስ ልተው ብሎ ምክር ጠይቆኛል። እጮኛው «ወይ እሷን ሽጥና ሰርጋችንን እንደግስ፣ ወይ ከእሷ ጋር ተጋባ» ብላዋለች። ገዥው ደግሞ የፈለጋት ሊነዳት አይደለም፤ ቆራርጦ ብረቷን በኪሎ ሊሸጥ ነው። ልጁ እንቅልፍ አጥቷል። እናንተም ትፈርዳላችሁ፤ ከፍርዱ በፊት ግን ጥቂት ልበል።

ጎንደርና ሞተር በደንብ የተዋወቁት በክፉ ቀን ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የስታራቼ ጦር በካሚዮን ተጭኖ ከተማዋ ገባ። ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ፒያሳን ሠራ፤ በሊማሊሞ ገደል ላይም መንገድ አወጣ። ወራሪው ሄደ፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባልስትራ፣ ቺንጋ የምንለው ሁሉ የጣሊያን ነው። ዛሬም መካኒኩ የጃፓን መኪና ሲፈታ በጣሊያንኛ ነው የሚፈታው! ኤንትሬ የምንላት የፊያት ካሚዮንም ከዚያ በኋላ መጥታ ስንት ዘመን የአገሩን ጭነት ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ኖራለች።

ቮልስ ግን የጀርመን ልጅ ናት፤ በታሪካችንም ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው በሮልስ ሮይስ አልነበረም፤ በቮልስ ነው። ሮልስ ሮይስ የለመዱ ንጉሥ በቮልስ የኋላ ወንበር መሄዳቸው ስለ መኪናና ስለ ክብር ብዙ ያስተምራል።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ 2800 ገደማ ትደርሳለች። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። 34 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ 1200ዋ ቮልስ ጎንደር ላይ 27 ያህል ይቀራታል፤ ደባርቅ ስትደርስ 25ም አይሞላላት። ታዲያ በምን ትወጣለች?

ሞተሯ ከኋላ ነው። ክብደቱ የሚገፋው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ በክረምት ጭቃ እንደ ሌላው ቶሎ አትንሸራተትም። ራዲያተር ደግሞ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ወደ አምባጊዮርጊስ ሲወጣ አሮጌ መኪና ሁሉ ኮፈኑን ከፍቶ ውሃ ሲለምን፣ እሷ በሁለተኛ ማርሽ ጠጠጠ እያለች ታልፈዋለች። ቀርፋፋ ናት፤ ግን ትደርሳለች።

ከሁሉ በላይ የምወድላት ችግሯን አለመደበቋ ነው። ካርቡራተሯ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደጋ ላይ ቤንዚን ይበዛባትና ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ካንዴላዋም ይጠቁራል። አነስ ያለ ጂግለር ከተገባላት አለቀ። ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ጆሮ፣ ካቻቪቴና ትዕግሥት ይበቃል።

ሊማሊሞ ግን ቀልድ አያውቅም። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። መንገዱ ሰላም ሆኖ የሚወርድ ሰው ዳገቱን በሚወጣበት ማርሽ ይውረድ። ፍሬን ብቻ አምኖ የወረደ፣ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይለዋል።

ቮልስ ለመግዛት ያሰባችሁ ደግሞ ቀለሟን አይታችሁ አትደንግጡ። የኋላ ወንበሯን አንሱና ባትሪው ሥር ያለውን ብረት ተመልከቱ፤ ዝገት እዚያ ይጀምራል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሊ ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉት፤ ከተንቀጫቀጨ ትልቅ ወጪ እየጠራችሁ ነው። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ከገዛችሁ በኋላ ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ሳትሰስቱ ቀይሩላት። ቺንጋዋ ከተበጠሰ ደግሞ እዚያው ቁሙ፤ ማቀዝቀዣውን የሚያዞረው እሱ ነው።

ወደ አዘዞው ልጅ ልመለስ። ወንድሜ፣ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተሠርተው የመጨረሻዋ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ወጥታለች። በአገራችንም በጥር 2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ተነግሯል። ኤሌክትሪኩ ይምጣ፣ ጥሩ ነው። የተቆረጠች ቮልስ ግን ተመልሳ አትገጠምም።

እጮኛህ ግን አላጠፋችም። ጎማዋ ተንፍሶ ዶሮ የሚያድርባትን መኪና «የአባቴ ቅርስ» ብትላት ማን ያምንሃል? ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ! ስለዚህ ከእጮኛህ ጋር ተቀመጥና የሦስት ወር ቀጠሮ ያዙ። ጥሩ መካኒክ ያስነሳትና አበባ አስረህ ሙሽራህን በእሷ አምጣት፤ የሰርግ መኪና ኪራዩም ይቀርላችኋል። አቅምህ ካልቻለ ደግሞ፣ ዋጋው ቢያንስም፣ ለሚነዳት ሰው ሽጣት። ለሚቆርጣት ግን እንዳትሰጥ!

እስቲ እናንተም ፍረዱ። ቸር እንሰንብት።