ሜዳ የሌለው አሰልጣኝ

አሰልጣኝ አብርሃም መብራቱ ስማቸውን ያስጠሩት በሰው አገር ነው። ጦርነት ያደቀቃትን የመንን ይዘው ለእስያ ዋንጫ አሳለፏት። የመን «በሜዳዬ» የምትለውን ጨዋታ የምታደርገው ዶሃ ላይ ነበር። ማለፏን ያረጋገጠችውም እዚያው፣ መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ኔፓልን 2 ለ 1 አሸንፋ ነው። አሰልጣኙ ግን ውድድሩን ሳይጠብቁ ወደ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ ወደ ዋልያዎቹ መጡ።

ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ስታዲየም አይቮሪ ኮስትን አስተናገደ። ጨዋታው በተጀመረ በ3ኛው ደቂቃ እንግዶቹ አገቡ። ከሦስት ቀን በፊት በማዳጋስካር ለተረታ ቡድን ይህ አንገት የሚያስደፋ ነበር። ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገ፤ ብዙም ሳይቆይ ሽመልስ በቀለ ደገመ። 2 ለ 1።

የአብርሃም ውል ግን ሳይታደስ ቀረ። ውበቱ አባተ ተረክበው መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ቀጡ፤ ኢትዮጵያም ወደ ካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ምስጋናው ለማን ይሁን? ኢትዮጵያ በ9 ነጥብ ስታልፍ ማዳጋስካር በ8 ቀረች። ያ በአይቮሪ ኮስት ላይ የተገኘው ድል ባይኖር ኖሮ ካሜሩንን በቴሌቪዥን ነበር የምናያት። እኔ ለሁለቱም እኩል እሰጣለሁ።

ከጣና ዳር የተገኘው ደስታ ብዙ አልቆየም። ጳጉሜን 2 ቀን አስቻለው ታመነ በባከነ ሰዓት ባስቆጠረው ፍጹም ቅጣት ምት ዚምባብዌ ተሸነፈች፤ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ረታችን። ከዚያ ካፍ ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም አለ። ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ሆነ።

የመን ላይ የደረሰው እኛም ላይ ደረሰ። የውበቱ ትልቁ ድል፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉበት «የሜዳችን» ጨዋታ፣ የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ሳላህ አልነበረም የሚል አይጠፋም፤ እኛም ደጋፊ አልነበረንም። በ2015 ሞሮኮ ላይ ጊኒ ሁለቴ አሸነፈችንና ውበቱም ተሰናበቱ።

አብርሃም በመሃሉ ባሕር ዳር ከነማን ይዘው ወደ ከተማይቱ ተመልሰው ነበር። ክለቡ ከእሳቸው በኋላ በ2015 ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ ለኮንፌዴሬሽን ካፕ ቢበቃም የታንዛኒያውን አዛምን ያስተናገደው ከከተማው ውጭ ነው።

ውጤት ሲጠፋ አሰልጣኝ ማባረር ይቀለናል። ስታዲየም መጨረስ ያቃተው ግን አሰልጣኝ አይደለም፤ ለዚያ ሲጠየቅ የታየ ሰውም የለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ዲሞክራቲክ ኮንጎን ያስተናገድነው ታንዛኒያ ላይ ነው፤ ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታንዛኒያን ኮንጎ ላይ። ሁለቱንም 2 ለ 0 ተሸነፍን።