ማስታገሻ መውሰድ ኃጢአት አይደለም

«ሞርፊን ከተጀመረለት አለቀለት ማለት ነው።» ባሕር ዳር ላይ በካቶሊክ ሰበካችን ስለ ሕይወት ፍጻሜ በምናካሂደው ዐውደ ጥናት ይህን ሳልሰማ የተመለስኩበት ጊዜ የለም። የሚመጡት ካቶሊኮች ብቻ አይደሉም፤ የኦርቶዶክስ ጎረቤት፣ የእድር ዳኛ፣ ጡረታ የወጣች ነርስም ይመጣሉ። በብዙ ነገር ይከራከራሉ፤ በዚህ ላይ ግን ቃላቸው አንድ ነው። ቀጥሎ አንዱ ይነሣና «ደግሞስ ሕመም ንስሐ አይደለም ወይ? ጌታ ራሱ ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን መች ተቀበለ?» ይላል።

ይህ አባባል ምን እንደሚያደርስ ማክሰኝት አጠገብ አይቻለሁ። አንዲት እናት የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ነበረባቸው፤ አጥንታቸው ዘንድ ደርሶ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጡ የሞርፊን ሽሮፕ ተሰጥቷቸዋል። ሆኖም በየትኛውም ጎናቸው መተኛት ስላልቻሉ፣ መደቡ ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው እየተወዛወዙ ነበር ሌሊቱን የሚያነጉት። ጠርሙሱን ያየሁት ከቀብራቸው በኋላ ነው። ሳጥን ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ የክዳኑ ማሸጊያ እንኳ አልተፈታም። ልጃቸው «ቶሎ ይገድላቸዋል አሉን» አለችኝ።

እምነቱ ከባዶ እንዳልተነሣ አውቃለሁ። ማክሰኝት በጎንደርና በባሕር ዳር አስፋልት ላይ ናት፤ ጎንደር ሆስፒታል ለመድረስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከገጠሩ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ደግሞ አለ። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ዘግይቶ ነው፤ ሞርፊን የሚታዘዘውም ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ጎረቤት የሚያየው መጀመሪያ ጠርሙሱን፣ ከዚያ ቀብሩን ነው። ቅደም ተከተሉን እንደ ምክንያት ይወስደዋል። ቄስ ቤት ስለገቡ ግን ሰው አይሞትም፤ ሰው ስለደከመ ነው ቄስ የሚጠሩት።

መድኃኒቱ ያለ ልክ ከተወሰደ አደገኛ መሆኑም እውነት ነው። ትንፋሽን ያዘገያል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ለዚህ ነው ሐኪም በትንሽ መጠን ጀምሮ ሕመሙን እያየ ቀስ በቀስ የሚጨምረው። በዚህ መንገድ ሲሰጥ ሕመምን ያስታግሳል እንጂ ነፍስ አይነጥቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ ሞርፊን ከውስጡ ነበር፤ በ1986 ደግሞ የካንሰር ሕመም በደረጃ እንዴት እንደሚታከም መመሪያ አወጣ። ኡጋንዳ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠለጠኑ ነርሶች ጭምር እንዲያዙት ፈቅዳለች። እኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በጽኑ የታመሙትን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ያስታምማል።

ሽሮፑ እቤት ከገባ ማወቅ የሚገባው ነገር ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በየአራት ሰዓቱ ይወሰዳል፤ ሕመሙ ተመልሶ እስኪያስጮህ አይጠበቅም። ሆድ ያደርቃል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ሊኖር ይችላል። ብዙ ሌሊት ያልተኛ ሰው ሕመሙ ሲለቀው ቢተኛ ቤተሰብ ሊደነግጥ አይገባም፤ ሲጠሩት የማይነቃ ወይም ትንፋሹ በጣም የዘገየ እንደሆነ ግን ወዲያው ሐኪም ይጠየቅ። ጠርሙሱ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። «ሱስ ይሆንበታል» ለሚሉት ደግሞ፣ ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱና ሱስ አንድ አይደሉም፤ ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሰው ሱሰኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው።

አሁን ወደ ንስሐው። ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በየካቲት 24 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጥያቄ ከሐኪሞች ቀርቦላቸው መልሰዋል። ሌላ መንገድ ከሌለ፣ በሽተኛውም የነፍሱንና የቤተሰቡን ግዴታ እንዳይወጣ ካላገደው፣ ሕመምን ማስታገስ ተፈቅዷል አሉ፤ ዕድሜን ሊያሳጥር ይችላል ተብሎ ቢገመት እንኳ፣ ሐሳቡ ማስታገስ እስከሆነ ድረስ። ቫቲካን በ1980 ስለ ሕይወት ፍጻሜ ባወጣችው መግለጫ ይህንኑ ደግማለች፤ ማስታገሻን ትቶ ከክርስቶስ ጋር መሠቃየትን የመረጠን ሰው ታከብራለች፤ ይህን ለሁሉም ሕግ አድርጎ መጫን ግን ጥበብ አይደለም ትላለች። ሆን ብሎ ለመግደል መድኃኒት መስጠት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሕመሙን የሚመጥን ልክ መስጠት ሕክምና ነው።

ጌታ ያንን ወይን ያልተቀበለው በራሱ ፈቃድ ነው። በእናቱ ፈንታ «አትቀበል» ብሎ የሚወስን ልጅ ይህን ጥቅስ መጥራት አይችልም። ደጉ ሳምራዊስ ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አላፈሰሰም? በሕመም የሚጮህ ሰው ኃጢአቱን አያስብም፤ የሚያስበው ሕመሙን ነው። ልኩን የጠበቀ መድኃኒት ሲያገኝ ነው ተቀምጦ የሚናዘዘው፣ ከተጣላው ወንድሙ የሚታረቀው። ራሳቸው ምጥ ቢይዛቸው፣ እግራቸው ቢሰበር ለመርፌ የሚሮጡ ሰዎች በሌላው ሰው ሥጋ ላይ ትዕግሥት ሲሰብኩ መስማት ያሳዝነኛል።

«ቀንዲል ከተቀባ ይሞታል» የሚባለውን በአጭሩ ልለፈው። የያዕቆብ መልእክት ካህናትን የሚያስጠራው ለታመመ ሰው ነው፤ የቫቲካን 2ኛው ጉባኤም በ1963 ምስጢሩ ሊሞቱ ለተቃረቡት ብቻ እንዳልሆነ በግልጽ ደንግጓል። ሰው ራሱን ከሳተ በኋላ አባን ማስጠራት በሽተኛውን ጸሎቱን አውቆ «አሜን» እንዳይል ያደርገዋል።

ግሉኮስም እንዲሁ። «ምግብ አልቀምስ አለ፣ ግሉኮስ ይሰካለት» ይባላል። አንድ ሊትር አምስት በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰውነት ፈሳሹን መሸከም ስለሚያቅተው እግር ያብጣል፣ ደረት ያንኳርራል። በግድ ማጉረስም ምግቡን ወደ ሳንባ ያስገባል። ከጠየቀ በማንኪያ ይቅመስ፤ ካልፈለገ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ፣ ከንፈሩን ቫዝሊን መቀባት ይበቃል።

በሬ ሸጦ፣ ተበድሮ፣ ተስፋ የሌለውን ሰው በአምቡላንስ አዲስ አበባ ማድረስ ግዴታ ነው የሚሉም አሉ። ፍቅሩ ይገባኛል። ያው የ1980 መግለጫ ግን ከሚያስገኘው ውጤት ጋር የማይመጣጠን ሕክምናን መተው ራስን ከመግደል እንደማይቆጠር፣ በቤተሰብ ላይ ከባድ ወጪ አለመጣልም በቂ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ይናገራል።

የመጨረሻውና በጣም የምጠነቀቅበት «እውነቱን ከሰማ በድንጋጤ ይሞታል» የሚለው ነው። መርዶን በጥንቃቄ መንገር ከአባቶቻችን የወረስነው ጥሩ ነገር ነው፤ ለበሽተኛም ቢሆን በአንድ ቀን ሁሉን አፍስሱ አልልም። የቱ ቀን እንደሚሻል በሩቅ ሆኖ ማንም ሊወስን አይችልም። እኔ የምመክረው ከመንገር በፊት «ሐኪሙ ምን አለዎት? እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅን ነው። ብዙዎቹ ቀድመው አውቀውታል፤ እነሱም ልጆቻቸው እንዳይደነግጡ ይደብቃሉ።

መደበቁ የሚያስከትለው ሌላ ዕዳም አለ። «ጭንቅ ሲመጣ በቃሉ ይናዘዛል» ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው በሁለት ምስክር ፊት ሲነገር፣ ያውም ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ቤትን ለማውረስ የጽሑፍ ኑዛዜ ያስፈልጋል። ራሱ መጻፍ የማይችል ሰው ሌላ ቢጽፍለት፣ ኑዛዜው በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ሁሉም ሊፈርሙበት ይገባል፤ ቀኑም ይጻፍበት። የገጠር መሬት የራሱ የክልል ሕግ ስላለው ለዚያ ወረዳው መሬት አስተዳደር ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሽተኛው እየተናገረ፣ ሕመሙም ፋታ እየሰጠው ሳለ ነው።