ደሙ የተቀዳው መቼ ነው?

ፅንስ ደጋግሞ የጨነገፈባቸው እናቶች ብዙ ጊዜ «ፕሮቲን ኤስ ዝቅተኛ» የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ገና ሳይቀመጡ «ዶክተር፣ የዘር ነው እንዴ? ለሴት ልጄም ይተርፋል?» ይላሉ። እኔ በበኩሌ ደሙ መቼ እንደተቀዳ እጠይቃለሁ። በእርግዝና ወቅት፣ ዋርፋሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ እየተወሰደ ወይም እግር ላይ ደም በረጋ ሰሞን ከሆነ፣ በዚያ ቁጥር ብቻ ስለ ዘር መፍረድ አይቻልም።

ፕሮቲን ሲ፣ ፕሮቲን ኤስና አንቲትሮምቢን ደም ያለ ልክ እንዳይረጋ የሚይዙ የተፈጥሮ ልጓሞች ናቸው። ከፕሮቲን ኤስ 60 በመቶ ያህሉ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይዞራል፤ በዋናነት የሚሠራው ነፃው ነው። እርግዝና ደግሞ ይህን ነፃ ክፍል ይቀንሰዋል፤ ወደ መውለጃው ሲቃረብ በጤነኛ እናት ላይ እንኳ ከ30 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። ዋርፋሪንም የቫይታሚን ኬን ሥራ ስለሚያግድ ሲንና ኤስን አብሮ ያወርዳል።

የፎስፎሊፒድ ፀረ እንግዳ አካላት ባሉባት ሴት ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ከእነዚህ አንዱ፣ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ ሰውነት ውስጥ ደም ያረጋል፤ በመመርመሪያ ቱቦ ውስጥ ግን የመርጊያውን ጊዜ ያራዝማል። ስለዚህ በመርጋት ፍጥነት የሚለካ የሲና የኤስ ምርመራ ሊዛባ ይችላል። ፀረ እንግዳ አካሉ የፕሮቲን ሲን ሥራ በእርግጥ የሚያደናቅፍበትም ጊዜ አለ፤ ይህ ግን ከወላጅ የተወረሰ ጉድለት አይደለም።

«የዘር በሽታ» የሚለው ቃል በቤተሰብ ውስጥ ከባድ ነው፤ የእህትንና የልጅን ትዳር ሳይቀር ይነካል። በአንድ ወረቀት መለጠፉ ያሳዝነኛል። የባሰው ደግሞ ትኩረቱ ፕሮቲን ኤስ ላይ ሲቀር ዋናው የፎስፎሊፒድ ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ መዘንጋቱ ነው። ለማረጋገጥ ፀረ እንግዳ አካሉ ቢያንስ በ12 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መገኘት አለበት። ከተረጋገጠ፣ በቀጣዩ እርግዝና በሐኪም ክትትል የሚሰጡት አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪንና ሄፓሪን ብዙ እናቶችን ልጅ አሳቅፈዋል።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ የምርመራ ማዘዣው ላይ የእርግዝናውን ሳምንትና የሚወሰደውን መድኃኒት ጻፉ። እናቶችም፣ የፕሮቲን ኤስ ምርመራው ከወሊድ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቆይቶ እንዲደገም ጠይቁ፤ ለምርመራ ብላችሁ ግን የደም ማቅጠኛችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ።