የፈረንጅ ገና በጾመ ነቢያት

ክረምት የሚለው ቃል በትርጉም ሥራ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ የበረዶ ወቅት መጠሪያ ሆኖ ቢያገለግልም፣ በጣና ዳር ግን ክረምት የዝናብ ጊዜ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ዘመን ይይዛል። ስለሆነም በሚኖርበት አገር የክረምት ዕረፍት ሲሰጠው ሻንጣውን ሸክፎ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው፣ የውጭ ዜጋም ይሁን በባዕድ አገር ያደገ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ የሚደርሰው በመፀው ማብቂያ፣ ማለትም ዝናቡ ቆሞ ሰብሉ በሚሰበሰብበትና በሚወቃበት በታኅሣሥ ነው። የእንግዳው ዕረፍት የባለቤቱ የሥራ ወቅት መሆኑ እንደ ተራ የቃላት ልዩነት የሚታለፍ አይደለም፤ እንዲህ ያሉ እንግዶችን ተቀብሎ የሚያሰማራ አስተባባሪ የሚቸገርበት አብዛኛው ነገር ምንጩ ይኸው ነው።

የዕረፍቱን ቀናት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሶ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ዲሴምበር 20 ገብቶ በጃንዋሪ መጀመሪያ የሚመለስ በጎ ፈቃደኛ ከታኅሣሥ 11 እስከ 26 ይቆያል። የእሱ ገና ታኅሣሥ 16 ሲውል፣ የተቀበሉት ሰዎች ኅዳር 15 የገባውን ጾመ ነቢያት ገና አልጨረሱም፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀምሱም፣ ብዙዎቹም እስከ ቀትርና ከዚያም በኋላ እህል ውኃ ሳይሉ ይውላሉ። የእሱ አዲስ ዓመት ታኅሣሥ 23 ነው፤ ዕለቱ ወርኃዊው ጊዮርጊስ ሲሆን፣ ከተማዋም ቀድሞ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ትባል ስለነበር በሐይቁ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን በዚያ ማለዳ ነጠላ በለበሰ ምእመን ይሞላል። ከዚህ ሌላ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ዓመታዊው የገብርኤል በዓል፣ በ21 ማርያም አለ፤ እንደየአጥቢያው ልማድ ገበሬው በእነዚህ ቀናት ከእርሻ ሥራ ይታቀባል። ቅዳሜና እሑድ ሲጨመሩበት፣ እንግዳው ከገጠሩ ሰው ጋር በመስክ ሊሠራበት የሚችለው ቀን የቆይታውን ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሊሄድ ሻንጣውን በሚያስርበት ታኅሣሥ 26 ደግሞ፣ በየቤቱ የገና ጠላ ጥንስሱ መሽተት ጀምሯል፣ የዶሮ ገበያውም እየደራ ነው። ለሁለት ሳምንት ሽሮና በያይነቱ ሲያቀርቡለት የሰነበቱት ሰዎች ደስ ብሏቸው ሊያበሉት በተዘጋጁበት ሰዓት፣ ገና በሚውልበት በታኅሣሥ 29 ዋዜማ፣ እሱ አገሩ ገብቷል።

በአማራ ገጠር ጉልበትን ያለ ክፍያ ለሌላው መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። ወንፈል ሰዎች የሥራ ቀንን ተራ በተራ የሚበዳደሩበት ሥርዓት ሲሆን፣ ደቦ ደግሞ ባለ ጉዳዩ ጎረቤቶቹን ጠርቶ፣ አብልቶና አጠጥቶ አንድን ሥራ በአንድ ቀን የሚያስጨርስበት ነው። በሁለቱም ቀን የሚቆርጠው ሰብሉ የደረሰበት ሰው ነው፤ ረዳቱ ሲመቸው ሳይሆን ሲጠራ ይሄዳል። በአገር ውስጥ የሚካሄደው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎትም በዚሁ ልክ የተሰፋ ነው፤ ወጣቶች የአረጋውያንን ጎጆ የሚጠግኑት፣ ችግኝ የሚተክሉትና ታናናሾቻቸውን የሚያስጠኑት ትምህርት ቤት በተዘጋበትና ዝናቡ በሚወርድበት ወቅት ነው። ከውጭ የሚመጣው የአጭር ጊዜ አገልግሎት ግን ደቦን ገልብጦ፣ የቀኑን ምርጫ ለረዳቱ የዕረፍት ሰሌዳ ይሰጣል።

የእንቦጭ ጉዳይ ይህን በጉልህ ያሳያል። እንቦጭ በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ በውኃ ላይ ተንሳፍፎ የሚባዛ፣ የሐምራዊ አበባው ውበት የሚያታልል አረም ነው። በእጅ ሲነቀል ከአረንጓዴው ቅጠል ሥር እንደ ላባ የተንዠረገገ ጥቁር ሥር ይወጣል፤ ክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ አንድ ሸክም የመሰለው ክምር ዳር ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሲመታው ጥቂት ገለባ ሆኖ ይቀራል፣ ዘሩ ግን በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አረሙ የሚፋፋው ርብ፣ ጉማራና መገጭ በክረምት ያጠቡትን ለም አፈር ወደ ሐይቁ ካስገቡ በኋላ በመሆኑ፣ በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የአንድ ወር ዘመቻ የተጀመረው በጥቅምት ነበር። በታኅሣሥ ለሚመጣ እንግዳ ነቀላው ዋና ሥራው ሊሆን አይገባም፤ የሚጠቅመው ተነቅሎ የተከመረው ተመልሶ ወደ ውኃው እንዳይገባ ማራቅና ማስወገድ ላይ ቢሰማራ ነው።

ወደ ውኃው የሚገባም ከሆነ በባዶ እግሩ መግባት የለበትም። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፤ ይህ በሽታ በቀንድ አውጣ ውስጥ ያደገ ጥቃቅን የትል እጭ ቆዳን በስቶ ሲገባ የሚይዝ ሲሆን፣ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በጎ ፈቃደኛው በሽታው ወደማይታወቅበት አገር ተመልሷልና፣ ሐኪሙ እንዲመረምረው ከተፈለገ ጣና ውስጥ መቆሙን ራሱ መናገር ይኖርበታል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ማለዳ ጀምሮ ደጋግሞ መንገር የአስተባባሪው ግዴታ ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ "ሦስት ሰዓት ላይ ጀልባው ይነሣል" የተባለ እንግዳ ከቀትር በኋላ ቢመጣ ያጠፋው እሱ ሳይሆን የእኛ ሦስት ሰዓት የእሱ ዘጠኝ መሆኑን ያልነገረው ሰው ነው፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋስ ስለሚነሣና ማዕበሉ ስለሚበረታ የሐይቁ መንገድ የማለዳ መንገድ ነው። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት ገዳማት ሴቶች እንደማይገቡም ለሴት እንግዶች ጀልባ ላይ ሳይወጡ በአክብሮት ይነገራቸዋል።

በሕክምናው ዘርፍ የቀኑ ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በማግሥቱ፣ በሳምንቱና በወሩ ገደማ መታየት፣ ለሳምንታትም የዓይን ጠብታ መጠቀም አለበት። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም በሳምንቱ ከተሳፈረ፣ ዓይኑ ቀልቶ ከገጠር የሚመለሰውን አዛውንት የሚቀበለው የአገሩ ባለሙያ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ታካሚ አንስቶ የአገሩ ሐኪምና ነርስ አብረው ያልቆሙበት፣ የክትትሉ መዝገብ በእጃቸው ያልገባበት የሁለት ሳምንት ዘመቻ ባይጀመር ይሻላል። የቆመን የሕክምና መሣሪያ ከአገሩ ቴክኒሻኖች ጋር ፈትቶ መጠገን ግን በታኅሣሥም ያለ ሥጋት የሚሠራ፣ እንግዳው ከሄደም በኋላ የሚቀር ሥራ ነው።

በ1955 ዓ.ም. መባቻ ገደማ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን፣ ቁጥራቸው ከ270 በላይ የነበረው፣ የመጡት ለሁለት ዓመት ነበር። ሁለት ዓመት የቆየ ሰው ሁለት ጾመ ነቢያትና ሁለት ገና ስለሚያሳልፍ የአገሩ አቆጣጠር ሳያውቀው ይዋሐደዋል፤ የሁለት ሳምንት እንግዳ ግን ይህን የሚያገኘው አስቀድሞ ከተነገረው ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት አንድ ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለገና ወደ አገራቸው እንዲገቡ ሲጠራ፣ የጥሪው ቀን የተቆረጠው በአገሩ ገና መሆኑ፣ ባለቤቱ ቀን መቁረጥ እንደሚችል ያሳያል።

ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ብዙ አገሮች ዜጎቻቸው ወደ አማራ ክልል እንዳይጓዙ አስጠንቅቀዋል፤ አሁን ማንንም ወደ አደጋ መጥራት አይገባም። ሰላም ሲወርድ ግን መንገደኛው ይመለሳል። ያን ጊዜ ለመምጣት የሚያስብ ሁሉ ትኬት ከመቁረጡ በፊት የሚሄድበትን ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት ወይም የገበሬዎች ማኅበር "መቼ ልምጣ?" ብሎ ይጠይቅ፤ ከታኅሣሥ በቀር ሌላ ጊዜ የሌለውም ሦስት ቀን ጨምሮ እስከ 29 ይቆይ፣ ጾሙን አብረውት ያሳለፉት ሰዎች ሲፈስኩ አብሮ ይፈስክ።