በእድሳት የተሠራ መንገድ ስለ ምን ይሰነጠቃል?
በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የአስፋልት መሰንጠቅን ስለ መከላከል

እንደሚታወቀው ድርቅ በሚደርስበት ጊዜ የእርዳታ እህል ከመጋዘን ወጥቶ ለተጎጂው ወገን የሚደርሰው በመንገድ ነው። ባሕር ዳር፣ በቻይና መንግሥት እርዳታ ከተሠራውና ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወልዲያ ከሚገባው መንገድ ጋር ስለምትገናኝ፣ ትርፍ አምራች የሆኑትን የጎጃም ወረዳዎች ድርቅ ከሚደጋገምባቸው የወሎ ወረዳዎች ጋር ታያይዛለች። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ሰፋሪዎች በብዛት ወደ መተከል ሲሄዱም ሆነ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ቤተሰቦች ወደ መተማና ወደ ቋራ ሲጓዙ፣ የእህሉም ሆነ የመድኃኒቱ አቅርቦት የመንገድ ጥገኛ ነበር። በመሆኑም በእነዚህ መስመሮች ላይ የሚታይ የአስፋልት ስንጥቅ የመንገድ መሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባውም።

ስንጥቅ ሲጀምር እንደ ክር ቀጭን በመሆኑ ቸል ይባላል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ክረምት ውሃ በዚያ ቀዳዳ ይሰርግና ሥር ያለውን የገረጋንቲ ንጣፍ ያላላዋል፤ የከባድ መኪና ጎማ በላዩ ሲመላለስ ስንጥቁ ይሰፋል፤ ቀጥሎም አስፋልቱ እየተቆረሰ ጉድጓድ ይሆናል። በጊዜው በጥቂት ሬንጅ ሊደፈን ይችል የነበረው ጉዳት መንገዱን እንደገና ቆፍሮ መሥራትን ይጠይቃል።

የዋልካ አፈር ጠባይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የጉማራንና የርብን ወንዞች ተሻግሮ የፎገራን ሜዳ ያቋርጣል። የፎገራ፣ እንዲሁም በጣና ሰሜን የሚገኘው የደምቢያ ሜዳ፣ በአብዛኛው ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ በማሳ ላይ የሚታየው ሰፊ ንቃቃት የዚሁ ምልክት ነው። በባሕር ዳር አካባቢ በዓመት በአማካይ ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይጥላል፤ የሚበዛው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሆነ አፈሩ በየዓመቱ አንድ ጊዜ በደንብ ይርሳል፣ አንድ ጊዜም በደንብ ይደርቃል።

በአስፋልት የተሸፈነው የመንገድ መካከል ፀሐይም ዝናብም በቀጥታ ስለማያገኘው እርጥበቱ እምብዛም አይለዋወጥም። ጠርዙ ግን ከወቅቱ ጋር ያብጣል፣ ይኮማተራል። መካከሉ ጸንቶ ጠርዙ ሲንቀሳቀስ አስፋልቱ በዳር በኩል በቁመቱ ይሰነጠቃል። በፎገራ ደግሞ ሩዝ ስለሚመረት፣ ማሳው ከመንገዱ ግርጌ ጋር በተጠጋበት ሥፍራ የተከተረው ውሃ የመንገዱን ዳር ለረዥም ጊዜ አርሶ ያቆየዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ያፈናቀለው ጎርፍም በዚህ ሜዳ የውሃ መውረጃ ነገር ምን ያህል ሊታሰብበት እንደሚገባ አሳይቷል።

የስንጥቅ ዓይነትና ምክንያቱ

መፍትሔ ከመፈለግ በፊት ስንጥቁን አይቶ ምክንያቱን መለየት ያስፈልጋል።

በመንገዱ ዳር በቁመት የሚሄድ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የዋልካው እንቅስቃሴ ምልክት ነው። ጎማ በሚመላለስበት መስመር ላይ እንደ አዞ ቆዳ የተሸነሸነ ስንጥቅ የሚታይ ከሆነ፣ መንገዱ ከአቅሙ በላይ ጭነት ተሸክሟል፣ ወይም ሥሩ ያለው ንጣፍ በውሃ ላልቷል ማለት ነው። አራት ማዕዘን እየሠራ ሰፊውን ገጽ የሚያዳርሰው ስንጥቅ ሬንጁ በፀሐይና በአየር ብዛት ደርቆ መሰባበሩን፣ ወይም በሲሚንቶ የተጠናከረው የሥር ንጣፍ መኮማተሩን ያመለክታል።

በእድሳት በተሠሩ መንገዶች ላይ በተለይ የሚያጋጥመው ግን ከሥር ወደ ላይ የሚዘልቀው ስንጥቅ ነው። የተሰነጠቀው አሮጌ አስፋልት ሳይነካ አዲስ ንጣፍ በላዩ ቢለበስ፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የአሮጌው ስንጥቅ ሁለት ከንፈሮች ይነቃነቃሉ። አዲሱ ንጣፍ ይህን መነቃነቅ ለጊዜው ችሎ ቢቆይም በመጨረሻ በዚያው መስመር ይቀደዳል። አዲስ የለበሰው መንገድ የአሮጌውን ሕመም ወረሰ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የተለየው የዓባይ በረሃ ጉዳይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ታድሶ፣ አዲሱ ድልድይም እ.ኤ.አ. በ2008 ተመርቆ ሳለ፣ በሸለቆው ግራና ቀኝ የሚገኘው መሬት በመንሸራተቱ አስፋልቱ በየሥፍራው ተሰነጠቀ፣ ሰመጠም። እዚህ ላይ የሚንቀሳቀሰው ተራራው ራሱ ስለሆነ አስፋልቱን ብቻ ደጋግሞ ማልበስ ፍሬ አይሰጥም። በቅድሚያ የከርሰ ምድሩን ውሃ ማፍሰስና ተዳፋቱን መደገፍ ያሻል።

የመከላከያው መንገድ

በዋልካ ላይ በሚሠራ መንገድ የመጀመሪያው እርምጃ ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በተመረጠ ገረጋንቲ መተካት ነው። አፈሩ ጥልቅ ሆኖ ሁሉንም ማውጣት በማይቻልበት ሥፍራ፣ ብዙውን ጊዜ ከአፈሩ ደረቅ ክብደት ከ4 እስከ 8 በመቶ የሚሆን ኖራ ቢደባለቅበት የማበጥ ጠባዩ ይቀንሳል። ትክክለኛው መጠን የሚወሰነው በላቦራቶሪ ምርመራ ነው። የተሞላው አፈር በስስ በስሱ እየተነጠፈ፣ ተስማሚ እርጥበት እንደያዘ በዳምጠው ሊጠቀጠቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው፣ ውሃን ከመንገዱ ማራቅ ነው። የመንገዱን ትከሻ ውሃ በማያሳልፍ ንጣፍ መሸፈን፣ የሚለዋወጠውን እርጥበት ከመኪናው መሄጃ ያርቀዋል። ቦዩም በተቻለ መጠን ከመንገዱ ግርጌ ፈንጠር ብሎ ቢቆፈር ይመረጣል። ባሕር ዛፍ ከመንገዱ ዳር ተጠግቶ ከተተከለ ሥሩ እርጥበቱን እየመጠጠ በበጋ የአፈሩን መኮማተር ያብሰዋል፤ ስለዚህ አርቆ መትከል ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፣ በአሮጌ አስፋልት ላይ ከመልበስ በፊት ስንጥቆቹን በየዓይነታቸው ማከም ነው። ጠባቡ ተጠርጎ በሬንጅ ይደፈናል፤ እንደ አዞ ቆዳ የሆነው ክፍል እስከ ሥሩ ተቆርጦ እንደገና ይሠራል፤ ስንጥቁ በበዛበት ሥፍራ የላይኛው ንጣፍ ተፍቆ ይነሣል፣ ወይም በአሮጌውና በአዲሱ መካከል መነቃነቁን የሚያበርድ ንጣፍ ይገባል።

የጭነት ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ በተካሄደው የመንገድ ሙከራ እንደተረጋገጠው፣ አንድ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ወደ አራተኛ እጅ በሚጠጋ መጠን ይበዛል። በዚህ ስሌት የአንድ አክስል ጭነት ከ10 ቶን ወደ 12 ቶን ከፍ ቢል ጉዳቱ በእጥፍ ያድጋል፤ 20 ቶን ቢደርስ ደግሞ 16 ጊዜ ይበልጣል። እህል ቶሎ ለማድረስ ተብሎ በአንድ መኪና ላይ የሚደረብ 40 ኩንታል ዛሬ የአንድ ምልልስ ነዳጅ ቢያድንም፣ በሚቀጥለው ክረምት ለተራበ ሕዝብ የሚያስፈልገውን መንገድ አስቀድሞ ይበላል። ስለሆነም ከመጋዘን የሚወጣ እያንዳንዱ ጭነት በኩንታል ብቻ ሳይሆን በአክስልም ሊታሰብ ይገባል።

የዓመቱ ሥራ

የዓባይ ዳርቻዋ ባሕር ዳር በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲስ የዓባይ ድልድይ አስመርቃለች። ድልድዩ የሚሰጠው አገልግሎት ግን ግራና ቀኝ ባሉት መንገዶች ደኅንነት የሚወሰን ነው። ጥገና ደግሞ ወቅት አለው። ከጥር እስከ ሚያዝያ አፈሩ ደርቆ ስንጥቁ ተከፍቶ ስለሚታይ፣ ጠርጎ ለመድፈን የሚመቸው ይህ ጊዜ ነው። በግንቦት ቦዮችና የውሃ ማፍሰሻ ቱቦዎች ይጠረጋሉ። በክረምቱ ውሃ የቆመበት ሥፍራ ሁሉ ይመዘገባል። በመስከረምና በጥቅምት መስመሩ በእግር ታይቶ አዲስ የወጣው ስንጥቅ በኪሎ ሜትሩ ይጻፋል።

ከዚህ ውስጥ ቦይ መጥረግ ብዙ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ፣ ለሥራ እህል ወይም ገንዘብ የሚከፈልባቸው የአካባቢ ሥራዎች ሊሸፍኑት የሚችሉት ተግባር ነው። የቀበሌ አስተዳደሮችም የሩዝ ማሳ ክትር የመንገዱን ቱቦ እንዳይዘጋ ከገበሬዎች ጋር ሊመካከሩ ይገባል። በሜዳ የተሰማሩ የእርዳታ ሠራተኞች በተመላለሱ ቁጥር ያዩትን ስንጥቅ ቦታውንና መልኩን ለይተው ለመንገድ ጥገና ክፍል ቢያስታውቁ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ብዙ ጉዳት በትንሽ ወጪ ይድናል። ድርቅ የሚመጣበትን ዓመት ማንም አይመርጥም፤ እህሉ የሚያልፍበትን መንገድ አዘጋጅቶ መጠበቅ ግን በሁሉም እጅ ያለ ነው።