የሐረርን ቡና ምላስ ይዳኘው

ከሐረር ገበያ አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና ዘግናችሁ መዳፋችሁ ላይ ብትዘረጉት ፍሬው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ረዥም ነው፣ ሌላው አጭር፤ አልፎ አልፎ ድቡልቡል ፍሬም ታገኛላችሁ። ቀለሙ እንደታጠበ ቡና አረንጓዴ ሳይሆን ወደ ቢጫ ያደላል። የተሰበረ፣ ነቀዝ የነካው፣ የጠቆረ ፍሬም አይጠፋበትም። ይህን አይቶ «ደረጃው ዝቅ ያለ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሸማች ብዙ ነው። እኔ ግን በርካሽ ዋጋ ሙሉ ጣዕም ያለው ቡና የሚፈልግ ሰው ሐረርን በዐይኑ ብቻ ፈርዶ መተው የለበትም እላለሁ።

ቡናው ስሙን ከከተማዋ ይውሰድ እንጂ የሚበቅለው በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ከፍታዎች ነው። በዚያ አካባቢ ውሃ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ቀዩ ፍሬ ተፈልፍሎ አይታጠብም፤ ከነሥጋው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል እስኪሆን ይደርቃል። የሐረር ቡና ጠባይ የሚወለደው በእነዚህ የማድረቂያ ቀናት ነው። ሥጋው ከፍሬው ሳይለይ ቀስ እያለ ሲብላላ ቡናው የበሰለ እንጆሪ፣ አንዳንዴም የወይን ጠጅ የሚመስል ጣዕም ይይዛል። ችግሩ የሚመጣውም ከዚያው ነው። ጀንፈሉ በወፍራሙ ተደራርቦ ከተሰጣ፣ ካልተገላበጠ ወይም ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፤ መብላላቱም ከልክ አልፎ ቡናው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ምርጡም መጥፎውም ከአንድ አውድማ ሊወጣ ይችላል፤ የሚለያቸውም ቅምሻ ነው።

 

የውጭ ነጋዴ ይህን ቡና ካወቀው ቆይቷል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር የገባው የባርዴ ንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ነው፤ ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር። ያን ጊዜ ጭነቱ በግመል ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ የንግዱ መውጫ ወደዚያ ዞረ። ዛሬም የሐረርጌ ቡና ተመርምሮ ደረጃ የሚሰጠው ድሬዳዋ ላይ ነው።

ምርመራው ከ100 ነጥብ ይታሰባል። ያልታጠበ ቡና ከሆነ 40ው ለጥሬው ነው፤ በእንከን ብዛትና በጠረኑ ይለካል። 60ው ለስኒው ነው፤ ንጽህናው፣ አሲድነቱ፣ ውፍረቱና ጣዕሙ እያንዳንዳቸው 15 ይይዛሉ። ደረጃው የሁለቱ ድምር ስለሆነ ስኒው ላይ ያማረ ቡና በለቀማ ጉድለት ብቻ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። የውጭ ገዢዎች ሐረርን በብዛት የሚያውቁት በደረጃ 4 እና 5 ነው፤ ሆኖም ወደውት ይገዙታል። ቁጥሩ ዋሸ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን የትኛው ነጥብ የት እንደጎደለ አይነግረንም።

ቀማሾች የሚሠሩበት መንገድ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። ቡናው ሳይከስል ለስለስ ተደርጎ ይቆላል፤ ሸካራ ሆኖም ይፈጫል። በተለመደው ዓለም አቀፍ አሠራር ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ይመዘናል፤ ውሃው ወደ 93 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ለአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይሰለፋል። አምስት የሚሆንበት ምክንያት አለው፤ አንዲት የሻገተች ፍሬ አንዱን ስኒ ስታበላሽ ሌሎቹ አራቱ ያጋልጧታል። እንደ ሐረር ላለ ፍሬው የተደባለቀ ቡና ይህ ወሳኝ ነው።

ውሃው ከተቀዳ በኋላ ዱቄቱ ወደ ላይ ወጥቶ ወፍራም ሽፋን ይሠራል። አራት ደቂቃ ሲሞላ ቀማሹ አፍንጫውን ወደ ስኒው አስጠግቶ ሽፋኑን በማንኪያ ጀርባ ይሰብረዋል። ታምቆ የቆየው እንፋሎት በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ጥሩ ሐረር ከሆነ የፍራፍሬው መዓዛ በዚያች ቅጽበት ፊት ለፊት ይመጣል። ከዚያ አረፋው ይገፈፋል፤ ስኒው ጥቂት ሲበርድ በማንኪያ እየተቀዳ በኃይል ይማጋል። የመማጉ ድምፅ ለጆሮ ባያምርም ቡናው በመላው አፍ ተረጭቶ ሽታው ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ እንዲወጣ ያደርጋል። ተቀምሶም ይተፋል።

ፍርዱ በትኩሱ አያልቅም። ጥሩው ሐረር ሲቀዘቅዝ ጣፋጭነቱ ይጎላል፤ ውፍረቱም ምላስ ላይ ይቆያል። መጥፎው ትኩስ ሳለ የሸሸገውን የአቧራ፣ የጆንያና የሻጋታ ጣዕም ሲበርድ ያወጣዋል። ለብ ያለውን ስኒ ሳይቀምሱ መፍረድ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ እቤት ለመሞከር ሚዛንና ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ርካሹን ቡና የሚያስከብረው ለቀማ ነውና ከመቁላት በፊት ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውንና የተሰበረውን ለቅማችሁ አውጡ። ቡናው ብረት ምጣዱ ላይ ቡናማ ሲሆን አውርዱት፤ ዘይቱ እስኪወጣ የጠቆረ ቡና የየትም ይሁን የየት አንድ ዓይነት ይመራል። አቦሉን ያለ ስኳርና ያለ ጨው ቅመሱ፤ ጥቂት ተውትና ለብ ሲል ድገሙት።

ከስኒው ባሻገር የስሙም ነገር አለ፤ በንግድ ምልክት ጉዳይ ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች ይዛ ከቡና ሻጩ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስምምነት ደርሳለች። ስሙ እንዲህ ቢከበርም ሐረርጌ ውስጥ ቡናውን ነቅሎ ጫት የሚተክል ገበሬ አለ፤ ጫት ቶሎ ቶሎ ይሸጣል። ቀዩን ብቻ ለቅሞ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቆ የሚያመጣ ገበሬ በዘፈቀደ ለቅሞ ከሚያመጣው የተሻለ ዋጋ ካላገኘ ለምን ይደክማል? ስለዚህ ሐረር ስትገዙ የዘንድሮ ምርት መሆኑን፣ መቼ እንደተፈለፈለና የት እንደደረቀ ነጋዴውን ጠይቁ። መጀመሪያ ግማሽ ኪሎ ብቻ ውሰዱ፣ ቅመሱ፤ ስኒው ንጹሕ ከሆነ ተመልሳችሁ ከዚያው ሰው ግዙ፣ ጥቂት ቢጨምርባችሁም ክፈሉ።