አምስት ዘመዳሞች፣ 211 ኪሎ ሜትር

ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ የለንደንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨርሳ፣ ሴቶች ብቻ በሚሮጡበት ማራቶን የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። እኛ ያን ቀን የምናስታውሰው በእሷ ነው፤ ይገባታልም። እኔ ግን የማነሣው እሷ ከገባች ከሰዓታት በኋላ እየተጎተቱ ይመጡ የነበሩትን ነው። እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት ሆነው፣ ደረታቸው ላይ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም ለጥፈው የሚሮጡትን። በዚያ ቀን መስመሩን ያለፈው ሰው 56,640 ነበር። በጊዜው በየትኛውም ማራቶን ይህን ያህል ሰው ጨርሶ አያውቅም። በሩጫው ሰበብ ለበጎ አድራጎት የተሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ 87.3 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ።

እንዲህ ያለ ቁጥር በጥሬው ሲነገር በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። እንመንዝረው። 56,640 ሰው እያንዳንዱ 42.195 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ድምሩ 2 ሚሊዮን 390 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ጨረቃ ከእኛ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የአንድ እሑድ ሩጫ ጨረቃ ድረስ ሦስት ጊዜ አድርሶ ይመልሳል፤ መንገዱ ተርፎም ይቀራል። ገንዘቡን ለርቀቱ ብናካፍለው ለአንድ ኪሎ ሜትር 36 ፓውንድ ከግማሽ፣ ለአንድ ሰው ደግሞ 1,541 ፓውንድ ይደርሳል።

የእኛው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ከዚህ ሒሳብ ውጭ አይደለም። ኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰው ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ዛሬ ተሳታፊው ከ40,000 በላይ ነው። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆንም 40,000 ሲባዛ 400,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባም እንግዲህ በአንድ ጠዋት ጨረቃን ታልፋለች። አንድ ዓይነት ከነቴራ ለብሶ የሚወጣው ቤተሰብ፣ ሕፃን ትከሻው ላይ አስቀምጦ የሚሮጠው አባት ሁሉ በድምሩ ውስጥ አለበት። እዚያም ከሩጫው ጎን ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበሰባል።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። አምስት ዘመዳሞች አንድ ማራቶን አብረው ሮጡ እንበል። አምስት ጊዜ 42.195 ሲባል 211 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ ለመድረስ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ በአንድ ጠዋት በእግሩ ደባርቅ ደርሶ ጎንደር ይመለሳል፤ ትራፊው 11 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ አዘዞ ያወርደዋል።

ይህ ሁሉ ሰው በምን ጉልበት ይሄዳል? ሩጫ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በየኪሎ ሜትሩ 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈጃል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለማራቶን 2,530 ያህል ያስፈልገዋል ማለት ነው። ደጋው የገብስ አገር ነውና በገብስ እንስፈረው፤ 100 ግራም ገብስ 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። ለአንድ ሰው 720 ግራም፣ ለአምስቱም 3.6 ኪሎ ይበቃል። አንድን ቤተሰብ ደባርቅ አድርሶ የሚመልሰው ጉልበት ከአራት ኪሎ ገብስ በታች ነው! ለመንገድ የሚያዝ በሶ ስለ መንገደኛው አቅም ብዙ ያውቃል።

ጉልበቱ ያነሰውን ያህል ጫናው ይበዛል። በሩጫ ላይ እግር መሬት በነካ ቁጥር የሚያርፍበት ኃይል የሰውነት ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 150 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ኩንታል ተኩል። የአንድ እርምጃ ርዝመት 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በማራቶን ውስጥ 52,700 እርምጃ አለ። ተደምሮ ሲታይ 79,000 ኩንታል ነው። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ይህን ለማመላለስ 1,580 ጊዜ ይጫናል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ሁለት ጉልበቶች ናቸው፤ አንዳንዴም የአንድ የሃምሳ ዓመት አክስት ጉልበቶች።

አየሩም አለ። ለንደን ከባሕር ጠለል ብዙም አትርቅም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአራተኛ እጅ ገደማ ይቀንሳል። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የሚጎድለው ወደ ሦስት አሥረኛ ይጠጋል። ስለዚህ በደጋው የሚሮጥ ቤተሰብ ሰዓቱን ከለንደን ሯጭ ጋር ባያወዳድር ይሻለዋል።

ግን ይህ ሁሉ የእግር ሒሳብ ነው። ገንዘቡን የሚያመጣው ሌላ ነው። ያንን 1,541 ፓውንድ የሰጡት ሰዎች በአማካይ 30 ፓውንድ አዋጡ ብንል ከእያንዳንዱ ሯጭ ኋላ 51 ሰው ቆሟል። ይህ አንድ አነስተኛ እድር ነው። የበጎ አድራጎት ማራቶን የሚለካው በሯጩ ፍጥነት ሳይሆን ስልክ ደውሎ «አዋጣ» ሊለው በሚችለው ሰው ብዛት ነው። በእድርና በማኅበር ለኖረ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ዘመዳሞች አብረው ሲሮጡ የሚገጥማቸው ጣጣም እዚህ ላይ ነው። አምስት የማይተዋወቁ ሰዎች ቢሮጡ 255 ሰው ይጠይቃሉ። አምስት ወንድማማቾች ግን የሚደውሉት ለአንድ አጎት ነው። ከ51ዱ 30ው የጋራ ዘመድና ጎረቤት ቢሆን ለእያንዳንዱ ብቻውን የሚቀረው 21 ሰው ነው። አምስት ጊዜ 21 ሲደመር 30፣ 135 ሰው። ግማሽ ያህሉ በዝምድና ቀለጠ። አጎትየውም አምስት ጊዜ ሲደወልለት ስልኩን መዝጋት ይጀምራል፤ አይፈረድበትም።

የጎንደር ቤተሰብ ግን በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ዕድል ከተባለ። ስደትና ሥራ በትነውታልና። አንዱ ጎንደር፣ አንዷ አዲስ አበባ፣ ሦስተኛው ዋሽንግተን፣ አራተኛዋ ቴል አቪቭ ያሉበት ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። የጋራ ዘመዱ ያው 30 ሆኖ፣ የየራሱ ወዳጅ ግን የሥራ ባልደረባም የሰፈር ሰውም ተጨምሮበት ከ21 ወደ 60 ቢያድግ፣ ድምሩ 330 ይሆናል፤ ከማይተዋወቁት አምስቱ በላይ። አንድ ላይ መሮጡ ያማረ ነው፤ ገንዘብ ሲለመን ግን ተበታትኖ መለመን ይሻላል።

እዚህ ላይ ማንም ደረቱ ላይ ቁጥር ያልለጠፈለት ሌላ የቤተሰብ ማራቶን አለ። በደጋው ካሉት መንደሮች አንዱን እንውሰድ። ምንጩ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይርቃል እንበል፤ ደርሶ መልስ 3 ኪሎ ሜትር። እናትና ልጅ ተራ ገብተው በቀን ሁለት ጊዜ ይቀዳሉ። በቀን 6፣ በሳምንት 42 ኪሎ ሜትር። በየሳምንቱ አንድ ማራቶን ማለት ነው፤ ያውም ግማሹን 20 ሊትር ጄሪካን፣ ማለትም 20 ኪሎ፣ ተሸክሞ። በዓመት 730 ጄሪካን ይሆናል፤ 146 ኩንታል ውኃ።

ምንጭ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመንደር በታች ነው። ባዶው ጄሪካን ቁልቁል ይወርዳል፤ የሞላው ዳገት ይወጣል። ምንጩ ከመንደሩ 150 ሜትር ዝቅ ቢል በቀን የሚወጣው ዳገት 300 ሜትር ነው፤ በ15 ቀን 4,500። የራስ ደጀን ከፍታ ብዙ ጊዜ 4,533 ሜትር ተብሎ ይጻፋል። በወር ሁለት ጊዜ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ራስ ደጀን ጫፍ እንደ መድረስ ነው፤ ሜዳሊያ የለ፣ ውኃ የሚያቀብል የለ፣ ጀርባ ላይ ያለው ራሱ ውኃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ «መሠረታዊ» የሚሉት የውኃ አገልግሎት ወረፋውን ጨምሮ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። በዚያ ዳገት በዚያ ሸክም 30 ደቂቃ እንደማይበቃ ሞክሮ ለማወቅ ማራቶን መሮጥ አያሻም።

ስለዚህ ከወንድም ከእህታችሁ ጋር ለመሮጥ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሮጡ ብቻ አትንገሩን፤ ገንዘቡ ከማን እግር ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያነሣም ከመጀመሪያው ጽፋችሁ አሳዩን። መንደሩን ምረጡ፣ ምንጩ ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩ፣ ከዚያ በኋላ ደውሉልን። በቀን 6 ኪሎ ሜትር የነበረው መንገድ ወደ 600 ሜትር ቢወርድ በዓመት 1,971 ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ ከ46 ማራቶን ይበልጣል፣ ለአንድ ቤት ብቻ።